ዘይት የማይወደው ፍሬን

የእናንተን ቤት አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን ለሚጮህ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ዘይት ነበር። ባሕር ዳር ሳድግ አባዬ የበር ማጠፊያውን፣ የእናቴን የስፌት መኪና፣ የጎረቤት ልጆች የሚገፉትን ጋሪ ሳይቀር አፏ በሾለ አንዲት የዘይት ጣሳ ዝም ያሰኝ ነበር። «አየሽ፣ ብረት የሚጮኸው ሲጠማው ነው» ይለኛል። እኔም አምኜ አደግሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ይህንኑ የአባዬን ሕግ የሰባት ዓመት ልጄ ብስክሌት ላይ ተገበርኩት። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ የሆነውንና የተማርኩትን ነው። ጥፋቱ የብስክሌቱም የሻጩም እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ይያዝልኝ። የእኔ ነው።

ብስክሌቱን የገዛንለት ለልደቱ ነው። ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ቀይ፣ ፊትም ኋላም ዲስክ ፍሬን ያለው። የማርኬቲንግ ሰው ሆኜ ሳለሁ በማርኬቲንግ መሸነፌን ልናዘዝ፤ ከጎኑ የቆመው ብስክሌት በላስቲክ ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆም ተራ ፍሬን ነበረው፣ በዋጋም ያንሳል፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። ያ የሚያብረቀርቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ግን ዓይን ይስባል። ልጄም ወደደው፣ እኔም ወደድኩት፣ ተገዛ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደነዳው መጮህ ጀመረ። የበር ሲጥሲጥታ እንዳይመስላችሁ። የኮንዶሚኒየማችንን መስኮቶች አንድ በአንድ የሚያስከፍት ጩኸት ነው። የግቢው ልጆች «አምቡላንስ መጣ!» እያሉ መንገድ ይለቁለት ጀመር። መጀመሪያ ላይ ልጄም ወዶት ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ግን ብስክሌቱን ደረጃ ሥር አስደግፎ በእግሩ ሲወጣ አየሁት። «ማሚ፣ ይሄን ድምፅ ካላጠፋሽልኝ አልነዳውም» አለኝ።

አጠፋሁለት። መሳቢያ ውስጥ ያለውን በጣሳ የሚረጭ ዘይት አመጣሁና ሁለቱንም ዲስኮች ረጨሁ፤ ጎማውን በእጄ እያሽከረከርኩ ደግሜ ረጨሁ። ጸጥ አለ። ባለቤቴን በመስኮት ጠርቼ አሳየሁት፣ አጨበጨበልኝ። ለመካኒክ የሚከፈል ገንዘብ አተረፍኩ ብዬ በልቤ መኮራቴንም አልደብቃችሁም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከእኛ ብሎክ እስከ ግቢው በር ያለው የኮብልስቶን መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ለእግረኛ አይታወቅም። ልጄ እንደ ወትሮው ወረደ። ሁልጊዜ የሚቆምባት ቦታ አለች፣ የጥበቃዎቹ ቤት አጠገብ። እዚያ ሲደርስ የፍሬን እጀታዎቹን ሲጨብጥ አየሁ፤ ብስክሌቱ ግን አልቆመም። ሁለቱንም እጆቹን አጥብቆ እንደጨበጠ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየት አሁንም ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

በሩ ተዘግቶ ስለነበር በሩን መትቶ ወደቀ። አገጩ ተሰነጠቀ፣ ተሰፋ፣ ዳነ። በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ወዴት ይሄድ እንደነበር አላወራችሁም፤ ከበራችን ውጭ ሚኒባሶች የሚዞሩበት መንገድ ነው።

ብስክሌቱን ልሸጠው ወስኜ ነበር። ባለቤቴ «መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይታወቅ» ስላለ ከሠፈራችን ጎሚስታ አጠገብ ብስክሌት ወደሚጠግኑ አዛውንት ወሰድኩት። ገና ምንም ሳልናገር ዲስኩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ጣታቸውን አሸተቱ።

«ልጄ፣ ምን ቀባሽው?»

«ይጮህ ስለነበር ዘይት ነው ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ፍሬን የሚያቆመው በመፋተግ ነው። ዘይት ደግሞ ሥራው መፋተግን ማጥፋት ነው። ታዲያ አንቺ ያጠፋሽው ጩኸቱን መሰለሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ሸራዎቹን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡልኝ። ሸራ ስንል በስሙ እንዳንታለል፤ ጨርቅ አይደለም። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ ከቃጫና ከዱቄት መሰል ነገር ተጠቅጥቆ የተጋገረ፣ ከጀርባው ብረት የተለጠፈበት ቁራጭ ነው። ካሊፐር በሚባለው እቃ ውስጥ በዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እጀታውን ስንጨብጥ ዲስኩን መሃል አድርገው ይቆነጥጡታል። እንደ እንጀራ ዓይን ደቃቅ ቀዳዳዎች ስላሉት ዘይት ሲነካው እንጀራ ወጥ እንደሚጠጣው ይጠጣዋል። ላዩን ብትጠርጉት ውስጡ አለ፤ ፍሬኑ ሲሞቅ እንደገና ያልበዋል። ዲስኩ ግን ደረቅ ብረት ስለሆነ አይጠጣም፣ ይታጠባል። ስለዚህ የእኔ ጥፋት መፍትሔ አጭር ነበር፤ ዲስኩን በአልኮል ማጽዳት፣ ሸራዎቹን መጣልና አዲስ መግዛት። አራቱ ሸራዎች አንድ ላይ ቤተሰብ ፒዛ ከሚበላበት ገንዘብ ያነሰ ነው ያስወጡኝ። ዘይት የነካውን ሸራ በእሳት ለብልቦ ለማዳን የሚሞክሩ አሉ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፣ ጭሱ ደግሞ ለሳንባ አይበጅም። ለልጅ ብስክሌት «አንዳንዴ» የሚባል ፍሬን አይሆንም።

ግን መጀመሪያውኑ ለምን ጮኸ? እሱን ለመረዳት መሰንቆ አስቡ። የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ሲጎትተው ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ሸራና ዲስክም እንደዚሁ ናቸው። በደንብ ተዋድደው ከተያያዙ ዲስኩ በጸጥታ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሆነ ቆሻሻ መሃላቸው ከገባ፣ ሸራው ጠማማ ሆኖ ከተቀመጠ ወይም የላላ ብሎን ካለ ግን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይመጣል፤ ስሱ ብረት ደግሞ እንደ ቃጭል ያስተጋባል። የልጄ ብስክሌት መጀመሪያ የጮኸው ከሁለት ነገር ነው ብለውኛል፤ አዲሶቹ ሸራዎች ከዲስኩ ጋር በወጉ አልተላመዱም፣ ካሊፐሩም ሲገጠም ትንሽ ተንጋዷል። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት የሚስተካከሉ ነበሩ። እኔ መሥሪያ ቤት ስሆን ቅሬታ የሚያሰማ ደንበኛ ዝም ብሎ ከሚሄደው እንደሚሻል ለአዳዲስ ሠራተኞች አስተምራለሁ። ቤቴ ስገባ የሚጮኸውን አፉን ያዝኩት።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ብስክሌቱን ራሴ ነው የምይዘው። ጋሼ አጠገባቸው አስቀምጠው ካሳዩኝና እኔም እየተሳሳትኩ ከለመድኩት፣ እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ላካፍላችሁ። የሚያስፈልጉት ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች (ጋራዥ ቤት «አለን ቁልፍ» ይሉታል)፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ሁለት ቢዝነስ ካርድ ናቸው። ካርዱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

አስቀድማችሁ ስሙ። ጎማውን ከመሬት አንሡና ፍሬን ሳትይዙ አሽከርክሩት። ሲዞር በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ሽ… ሽ… ሽ…» የሚል ከሆነ ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ታጥፏል ማለት ነው። ሳያቋርጥ የሚነካ ከሆነ ካሊፐሩ ወይም ጎማው ተንጋዷል። ሲሽከረከር ዝም ብሎ ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ነገሩ ሸራው ወይም ዲስኩ ላይ ያለ ቆሻሻ ወይም የላላ ብሎን ነው። ብረት በብረት የሚፋቅ፣ ጥርስ የሚያነቃንቅ ድምፅ ከሰማችሁ ግን ብስክሌቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይነዳም፤ ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየበላው ነው። የሚፋተገው ክፍል ውፍረት ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከወረደ መለወጫው ደርሷል። ይህ የወፍራም ወረቀት ያህል ስለሆነ እኔ እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። ይህን ሁሉ ስታዩ ጣቶቻችሁን ከሚሽከረከር ዲስክ አርቁ፣ ልጆቹንም አርቁ። ቀዳዳዎቹ ጣት ይቆርጣሉ፤ ከቁልቁለት የወረደ ዲስክ ደግሞ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

ካሊፐሩን ከመንካታችሁ በፊት ጎማውን እዩ። ይህን የምለው ብዙ ሰው የሚያልፈው ስለሆነ ነው። ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ተሠርቶ ሲመለስ አንዳንዴ ጠማማ ሆኖ ይገጠማል፤ ጎማው ሲጠም ዲስኩም አብሮት ይጠምማል። ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ፣ ብስክሌቱን በእግሩ አቁማችሁ፣ ጎማው በገዛ ክብደቱ ቦታው ላይ እስኪቀመጥ ጫን ብላችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። እኛ ግቢ ውስጥ «ፍሬኑ ተበላሸ» ተብሎ የመጣልኝ የአንዲት ልጅ ብስክሌት ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር። (አዎ፣ አሁን ይመጣልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃ ሥር ወረፋ አለ።)

ጎማው ቀጥ ብሎ ድምፁ ካልጠፋ ወደ ካሊፐሩ ሂዱ። የልጆችና የብዙ ርካሽ ብስክሌቶች ዲስክ ፍሬን በሽቦ የሚጎተት ነው፤ ጋራዥ ቤት «ካቦ» የሚሉት። እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ወደ ውጭ ያለው ሸራ ብቻ ነው። በጎማው በኩል ያለው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የቆመው ሸራ ለዲስኩ በጣም ቅርብ፣ ግን የማይነካ መሆን አለበት። ርቆ ከተቀመጠ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ዲስኩ ታጥፎ እስኪደርስበት ይገፋል፤ ጩኸቱም ከዚያ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ቢዝነስ ካርዱ የሚመጣው። ሥራ ስቀይር የተረፉኝ፣ የድሮ ስልክ ቁጥሬና «ጁኒየር» የሚል ማዕረጌ የታተመባቸው ካርዶች ነበሩ፤ ከመጣል ተርፈው ለዚህ በቁ። ካሊፐሩን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች ካሊፐሩ ትንሽ እስኪነቃነቅ ብቻ አላሉ። በዲስኩና በአንዱ ሸራ መካከል አንድ ካርድ፣ በሌላው በኩልም አንድ ካርድ ክተቱ። የፍሬኑን እጀታ አጥብቃችሁ ጨብጡ፤ ረዳት ከሌላችሁ በላስቲክ እሰሩት። ካሊፐሩ ራሱን ፈልጎ መሃል ላይ ይቀመጣል። እንደተጨበጠ አንዱን ብሎን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ ተራ በተራ አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ካሊፐሩ እንደገና ይጠምማል፤ እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። ከዚያ እጀታውን ልቀቁ፣ ካርዶቹን አውጡ፣ አሽከርክሩ። የቆመው ሸራ አሁንም ርቆ ከታየ በጎማው በኩል ካሊፐሩ ላይ እሱን የሚያቀርብ የሚያርቅ ብሎን አለ፤ በጥቂት በጥቂቱ አዙሩት።

ዲስኩ ራሱ የታጠፈ ከሆነ ከበስተጀርባ ነጭ ወረቀት ያዙና በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለችውን የብርሃን መስመር እያያችሁ ጎማውን በዝግታ አዙሩ። መስመሯ የምትጠፋበት ቦታ ነው የታጠፈው። በንጹሕ ጨርቅ ይዞ በጥቂቱ ማቃናት ይቻላል። ጋሼ በዓይናቸው ብቻ ያቃናሉ። እኔ አንዴ ሞክሬ አብሼው ወደ እሳቸው ወስጄዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ትቼዋለሁ።

ስለ ጽዳት ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ዲስክ የሚጸዳው በአልኮል ነው፤ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ንጹሕ ጎኑን እየቀያየራችሁ። በኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ያላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ እኔም አስቤ ነበር። እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት ዲስኩ ላይ ልባስ ይተዋል፣ ተዉት። ቤንዚንና ናፍጣም አይሆኑም፤ ናፍጣ ራሱ ቅባት ነው። ዲስኩን በባዶ እጅ ባትነኩትም ይሻላል፤ ምሳ ላይ የተበላው ወጥ ከጣት ሙሉ ለሙሉ አይለቅም። ካቴና መቀባት ሲያስፈልግ (እሱ በእርግጥ ዘይት ይፈልጋል፣ አባዬ በዚህ ልክ ነበር) ጠብታ በጠብታ እየጣላችሁ የተረፈውን ጥረጉ። በጣሳ የሚረጨው ዘይት ግን ነፋስ ይዞት ዲስክ ላይ ያርፋል። ብስክሌቱን ከመኪናው ጋር ላቫጆ የምታሳጥቡም ናፍጣም ማድመቂያም ወደ ጎማው እንዳይረጩ ቆማችሁ ንገሯቸው።

ሸራው ዘይት ሳይነካው ገጹ እንደ መስታወት አንጸባርቆ ብታገኙት ተቃጥሎ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እንደያዙ ሙሉውን ቁልቁለት የሚወርዱ ሰዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንጥፋችሁ፣ ሸራውን እላዩ ላይ አድርጋችሁ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አንጸባራቂው እስኪጠፋ እሹት። ብናኙን አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ያዝ አድርጎ ፍጥነት ከቀነሱ በኋላ ለቀቅ፣ ነፋስ እንዲያገኘው፣ ከዚያ እንደገና ያዝ። ሳይለቁ መያዝ ያቃጥለዋል።

የዝናብ ጩኸት ለብቻው ነው። ዲስኩ ሲረጥብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት አያያዞች ይጮሃል፣ ውኃው ሲተን ዝም ይላል። ለእሱ ምንም አታድርጉለት።

አሁን ወደ ማላመድ። አዲስ ሸራ የገጠማችሁ ወይም ያሻችሁ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ ሥራው አላለቀም፤ እኛም ስንገዛ ያልተነገረን ይህ ነው። ሸራው ከራሱ ላይ በጣም ስስ ልባስ ዲስኩ ላይ ሲያስተላልፍና ያ ልባስ እኩል ሲሆን ነው ሁለቱ የሚዋደዱት። ሜዳ ቦታ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ይያዝና ፍሬኑ ቀስ በቀስ ጠበቅ እየተደረገ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ወደ እግረኛ እርምጃ ይወረዳል። ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ከቆመ ልባሱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ይህ ለእያንዳንዱ ፍሬን ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። መጀመሪያ ደካማ ይሆናል፣ ወደ መጨረሻው ሲያያዝ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል።

የልጄን ብስክሌት ያላመድኩት እኔ ነኝ። በ20 ኢንች ብስክሌት ላይ ጉልበቴ አገጬን እየመታ ፓርኪንጉን ስዞር ግቢው ሁሉ በመስኮት ወጥቶ ሳቀ። ልጄም አገጩ ላይ ፕላስተር እንደለጠፈ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሃያ ሲሞላ «አሁን ይቆማል?» አለኝ። ፊቱ ቆሜ ሞከርኩት፤ ቆመ። «እንደገና» አለኝ። አሥር ጊዜ ያህል አስደገመኝ። አልነዳም። በማግስቱም አልነዳም። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲነዳም መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ እኔ ከጎኑ እየሮጥኩ ነው።

በዚያ መካከል አንድ ሌላ ነገር አገኘን። የፍሬኑ እጀታ ለጣቱ ሩቅ ነበር፤ በሁለት ጣት ጫፍ ብቻ ነበር የሚስበው። እጀታው ላይ ወደ መሪው የምታቀርበው ትንሽ ብሎን አለች። ልጆች ያሏችሁ ዛሬውኑ እዩአት፤ የልጁ ጣት የመጀመሪያው አንጓ እጀታው ላይ ካላረፈ ጉልበት የለውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በካቦ ለሚሠራ ነው። የእናንተ ወይም የባለቤታችሁ ብስክሌት በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ያለው ከሆነ ሸራ መለወጥና ማጽዳት አንድ ነው፤ ካሊፐሩንም ካርድ ሳታስገቡ በዚያው እጀታ ጨብጦ በማጥበቅ ማስተካከል ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታውን አትጨብጡ፤ ሸራዎቹ ተገናኝተው ዲስኩ አልገባ ይላል። ፈሳሹ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሚኒራል ዘይት፣ ሌላው ዶት የሚባለው፣ የመኪና ፍሬን ውስጥ ያለው ዓይነት። አንዱ በሌላው አይተካም፣ ውስጥ ያሉትን ጎሚኖች ያበላሻል። የትኛው እንደሆነ እጀታው ወይም ክዳኑ ላይ ይጻፋል። «የመኪናው ይበቃዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ክዳኑን አንብቡለት።

ለወላጆች አንድ ሙከራ ልተውላችሁ፣ አሥር ሰከንድ አትፈጅም። ልጁ ከመውጣቱ በፊት ከብስክሌቱ ጎን ቁሙና የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሣት አለበት። ከዚያ የኋላውን ፍሬን ይዛችሁ ግፉት፤ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። ይህን በዚያ እሑድ ጠዋት አድርጌው ቢሆን ብስክሌቱ በእጄ ላይ እንዳለ ይነግረኝ ነበር። አሁን የሚያደርገው ልጄ ራሱ ነው። የጓደኞቹንም ይፈትሻል፣ ትንሽ አለቃ አለቃም ብሎታል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ላይ የተዘጉ መንገዶችን ከልጆቻችሁ ጋር የተጠቀማችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እየጨመረልን ነው። ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ከተማችን ባሕር ዳር አይደለችም። የአባዬ ፎኒክስ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚጎተት ነበር፣ ይያዝ አይያዝ ግድ አልነበረንም፤ ሜዳ ላይ እግር መሬት ማሳረፍ ይበቃ ነበር። እዚህ ያው መንገድ ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ነው።

ለአባዬ ስልክ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ዘይቱን ፍሬን ላይ አድርጊ ብዬሻለሁ?» አለኝ። አላለኝም። በቀጣዩ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ለልጄ አንድ ጥቅል ላከለት፤ ያቺ አፏ የሾለች ጣሳ ነበረች፣ ባዶዋን ታጥባ። ልጄ መሳቢያው ውስጥ ካለው የሚረጭ ዘይት ጎን አስቀመጣት። የሚረጨው ላይ ደግሞ በማርከር «ለበር ብቻ» ብሎ ጽፎበታል፤ ከሥሩም እኔ እንዳልረሳ ስሜን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።